ሰባተኛው ቤት

ወረርሽኙ ገባ ተብሎ የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ማደሪያ ሲዘጋ፣ ሻንጣዬንና ላፕቶፔን ይዤ አይቮሪ ፓርክ የሚባለው የከተማ ዳር ሰፈር፣ ታላቅ ወንድሜ ሱቅ ገባሁ። ሱቁ ስፓዛ እንደሚባሉት የሰፈሩ ትንንሽ ሱቆች ሁሉ አንድ ክፍል ነው፤ ከፊት በብረት ፍርግርግ ይሸጥበታል፣ ከኋላ ይተኛበታል። ወንድሜ የበቆሎ ዱቄቱን ከረጢት ወደ ግድግዳው ገፋ ገፋ አድርጎ ለፍራሼ ቦታ አበጀልኝና አንድ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ «ይኸው ቢሮህ» አለኝ። የዶክትሬት ጽሑፌን ግማሹን የጻፍኩት እዚያ ሳጥን ላይ ነው።

ለደንበኞቹ «ማይ ብራዘር ኢዝ ዶክተር» ብሎ ስላስተዋወቀኝ የሰፈሩ አሮጊቶች ዳቦ ሊገዙ መጥተው በፍርግርጉ በኩል ያበጠ ጉልበታቸውን ያሳዩኝ ነበር። እኔ እንደዚያ ያለ ዶክተር አይደለሁም። የማጠናው ሂሳብ ነው፤ ሂሳቡ ግን ስለ ዘር ነው። ያገራችን አማኞች በሚሰበሰቡበት ኅብረታችን፣ የጸሎት ፕሮግራም ላይ አንድ ጊዜ «ዝግመተ ለውጥ» የሚል ቃል አምልጦኝ ሁለት ወንድሞች እጃቸውን ሊጭኑብኝ ተነስተዋል። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠይቀኝ «ሂሳብ» ብዬ ዝም እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ ከአባቱ የሚወስደው የወንድ አያቱን ወይም የሴት አያቱን የዘር ክር እንዳለ አይደለም። ሁለቱ ክሮች ይቆራረጡና ቁራጭ ከዚህ፣ ቁራጭ ከዚያ ተቀጣጥሎ ከዚያ በፊት ማንም ያልነበረው አዲስ ክር ይወጣል። በሙያው ሪኮምቢኔሽን ይሉታል። የእኔ ሥራ ይህ መቆራረጥ አንድን ዘር በብዙ ትውልድ ውስጥ እንዴት እንደሚለውጠው ማስላት ነበር። ላፕቶፔ ውስጥ አንድ ሺህ ፍጥረታት አሉኝ፤ ፍጥረት ስል የዜሮና የአንድ ሰልፍ ማለቴ ነው። ይጋባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ይሞታሉ። መቆራረጡን ስዘጋው፣ ሁለት ጠቃሚ ለውጦች በሁለት ፍጥረታት ላይ ቢወጡ የአንዱ ወገን የሌላውን እስኪያጠፋ ይፎካከራሉ እንጂ ፈጽሞ አይገናኙም። ስከፍተው ለየብቻ የተወለዱት ለውጦች አንድ ገላ ውስጥ ይገናኛሉ። ክፋቱ ያው መቀስ የተገናኘውንም መልሶ ይቆርጣል። መገናኘቱ ከመለያየቱ የሚበልጠው መቼ ነው? ሦስት ዓመት ሙሉ የጠየቅሁት ይህንን ነበር።

የምወዳት ልጅ ዳቬይተን የሚባል ሌላ ሰፈር ነበረች፣ እህቷ ሱቅ ውስጥ። የተዋወቅነው ኅብረቱ ውስጥ ነው፤ እሷ ትዘምራለች፣ እኔ ወንበር እደረድራለሁ። በአገር ቤት ሁለታችንም የደቡብ ልጆች ነን፣ አገራችንን የሚለየው አንድ ወንዝ ነው። ግን የእሷን ቋንቋ እኔ አልሰማም፣ የእኔን እሷ አትሰማም። ስለዚህ የተዋደድነው በአማርኛ ነው፤ ሁለታችንም ትምህርት ቤት በተማርነው፣ ስንናደድ በሚጠፋን አማርኛ።

የእንቅስቃሴ እገዳው ሲታወጅ ከአይቮሪ ፓርክ ዳቬይተን ሌላ አገር ሆነ። ታክሲ የለም፣ መንገዱ ላይ ወታደር አለ፣ ፐርሚት፣ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ፣ ያለው ባለሱቁ ብቻ ነው። የቀረን ስልክ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሱቁ ቀዝቀዝ ሲል እደውልላታለሁ። ገና ሁለት ነገር ሳንባባል «ቆይ አንዴ» ትልና «ሳውቦና ጎጎ፣ ኡንጃኒ?» ብላ ለአንዲት አሮጊት ሰላምታ ስትሰጥ እሰማለሁ። አሮጊቷ ስለ ወገቧ ታወራላታለች፣ እሷ በዙሉ ትመልስላታለች፣ ይሳሳቃሉ፣ ፍሪጁ ተከፍቶ ይዘጋል። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ እጠብቃለሁ። ያኔ መጠበቁ ያናድደኝ ነበር፣ ቁጡ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ከሁሉም የሚናፍቀኝ እሱ ነው፤ ከእኔ ጋር ሳታወራ የሰማሁት ድምጿ።

እገዳው ትንሽ ላላ ሲል ወንድሜን ዕቃ በመሸከም ላግዘው ብዬ ጄፒ ሄድኩ፣ ታውን ውስጥ ያገራችን ሰዎች የጅምላ ሱቆች ወዳሉበት። እሷም ከእህቷ ጋር መጥታ ነበር፤ ተቀጣጥረን ነው እንጂ አጋጣሚ አልነበረም። ወለሉ ላይ በቢጫ ፕላስተር ሰው የሚቆምበት ተለይቷል። እሷ አንዱ ምልክት ላይ፣ እኔ ከኋላዋ ባለው ላይ ቆምን። ከአፍንጫዋ ጀምሮ ወደ ታች ጭምብል ነው። ሦስት ወር ያላየሁት ፊት ግማሹ ብቻ ተሰጠኝ። «እንጋባ» አልኳት። «ምን?» አለች። ጭምብሉ ድምፄን ውጦታል። ጮክ ብዬ ደገምኩት፤ ከፊታችን የቆመው ባለሱቅ ዞሮ «እሺ በይውና ወረፋው ይሂድ» አላት። ዓይኗ ሲስቅ አየሁ። «ሽማግሌ ይቁጠር» አለችኝ።

ይህ ማለት እሺ ማለት ነው። በእኛም በእነሱም ወግ ሰባት ቤት ድረስ የሚያገናኝ ዘር ካለ ጋብቻ የለም። መገናኛው ስምንተኛው ላይ ከሆነ ተመስገን ተብሎ ይደገሳል። የሚቆጠረው ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው፤ ከዚህ ወገን አንድ ስም ይጠራል፣ ከዚያ ወገን አንድ ስም ይመለሳል፣ ጣት ይታጠፋል። በዚያ ዓመት ግን የእኔ አባት ወንዙን ተሻግሮ ሊሄድ አልቻለም፣ የእሷ ሽማግሌዎችም ሊመጡ አልቻሉም። ስለዚህ ዘሩን በስልክ ሰብስቤ ጽፌ እንዳስታውቅ ለእኔ ተሰጠኝ። የተማርኩት እኔ ነኝ፣ ያውም የዘር ሂሳብ። ደስ አለኝ፤ ከዚህ የተሻለ ዳኛ ከየት ይመጣል ብዬ ነበር።

የእኔን መስመር አባቴ በአንድ ትንፋሽ አስጻፈኝ። የእሷን የነገሩኝ የእናቷ ወንድም ናቸው፤ በወታደርነት ዘመናቸው የለመዱት አማርኛ ነበራቸው። ኔትወርኩ እየተቋረጠ ሦስት ቀን ፈጀብን። ሦስት ስም ይነግሩኛል፣ ይቆረጣል፤ በማግስቱ ከቆመበት ይቀጥላሉ። «ሌላ ማንም ይህን እስከ ላይ አያውቅም፣ ደህና አድርገህ ጻፍ» አሉኝ። ደህና አድርጌ ጻፍኩ። እንደ ልማዴ ላፕቶፑ ላይ፣ ከትውልዶቼ ሰንጠረዥ ጎን፣ ሁለት ዓምድ ከፍቼ በየስሙ ግራ ቁጥር አደረግሁ። ቁጥሩን ስጨርስ አንድ ስም በሁለቱም ዓምድ ላይ አየሁ። በእሷ በኩል ከእናቷ ወገን፣ በእኔ በኩል ከአባቴ ወገን፣ ከልጆቹ አንዱ ወንዙን ተሻግሮ የቀረ አንድ ሰው። በሁለቱም በኩል ከስሙ አጠገብ ያለው ቁጥር ሰባት ነው።

ልደብቀው እችል ነበር። ያንን ስም ብዘለው ማንም አያውቅብኝም። ግን እንደዚያ ያለ ሰው አይደለሁም ብዬ ራሴን እያከበርኩ ለሁለቱም ወገን ደወልኩና «ሰባተኛው ላይ እንገናኛለን» አልኩ። አባቴ «ሰባት ከሆነ አይሆንም ልጄ» አለኝ። አጎቷ ደግሞ «አይ እንግዲህ፣ የተማረ ይግደለኝ፤ ሰባት ካልክ ሰባት ነው» አሉ።

እሷ ስልክ ላይ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠራርጋ «እስቲ እንደገና ቁጠረው» አለችኝ።

እንደገና አልቆጠርኩም። እኔ ያደረግኩት መከራከር ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ የመመረቂያ ጽሑፌን ትቼ ዘጠኝ ገጽ ጻፍኩ፤ እሷ ለአጎቷ በስልክ እንድታነብላቸው። ከዚያ ሰው የወረስነው ክር ሰባት ጊዜ ተቆራርጧል፤ ጭራሽ ምንም ሳይደርሰን ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ቁራጭ ቢደርሰን እንኳ የእኔና የእሷ ቁራጭ አንድ ቦታ ላይ የመግጠሙ ዕድል ከምንም አይቆጠርም አልኩ። ሂሳቡ ልክ ነበር። ዛሬም ልክ ነው። ንዴቴ ሲብስ የሰባት ቤትን ሕግ ላፕቶፔ ውስጥ ባሉት ፍጥረታት ላይ አወጅኩባቸው። ቁጥራቸውን ሃምሳ ሳደርገው ሁሉም እርስ በርሱ ዘመድ ሆነና የሚያገባው አጥቶ ዘሩ ጠፋ። በአንድ ሺህ ስሞክረው ግን ምንም አልሆኑም፤ ራቅ ብለው ፈልገው ተጋቡ፣ ኑሯቸው ቀጠለ። ለአጎቷ የላክሁት የሃምሳውን ብቻ ነው።

ወንድሜ ዳቦ እየደረደረ የምጽፈውን አይቶ «አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» አለኝ። ለሁለት ቀን አላናገርኩትም።

አጎቷ መልሳቸውን በድምፅ ላኩ። ከኋላ ዶሮ ይሰማል፣ ሳልም ነበራቸው። «ልጄ፣ አንብባልኛለች። ጥሩ ጽፈሃል። ግን ዘር ከልጓም ይስባል። አንተ ቁራጭ ትቆጥራለህ፤ እኔ የምቆጥረው ሰው ነው። ሰባት ያልከውም አንተው ነህ።» እሷ ግን ከሳቸው ይልቅ በእኔ ተቆጣች። «አባቶቼን በኮምፒዩተር ስትረታቸው ማየት አልፈልግም። ቁጠረው ነው ያልኩህ።» እኔም «ተቆጥሯል፤ ኮምፒዩተር አይሳሳትም» አልኳት። የአማርኛችን ማለቂያ እዚያ ላይ ነበር። እሷ በራሷ ቋንቋ አንድ ነገር ተናግራ ዘጋችው፤ ምን እንዳለችኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አየር መንገዱ ሲከፈት እናቷ ታማ ስለነበር ወደ አገር ቤት ገባች። የምትሄድበትን ቀን ነግራኝ ነበር። ኤርፖርት መግባት የሚፈቀደው ለተጓዥ ብቻ ነው፣ ቢሆንም በር ላይ መቆም ይቻል ነበር። አልሄድኩም። አኩርፌ ነበር፣ በዚያ ዕድሜዬ፣ እንደ ሕፃን። ያን ቀን ሱቁን ከውስጥ ስጠርግ፣ ከረጢት ሳነሳና ስጥል ዋልኩ። ከጎረቤታችን ሰፈር ከቴምቢሳ በላይ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ።

ከሄደች በኋላ ነው ናፍቆቱ አላስቀምጥ ያለኝ። አንድ ቅዳሜ ሦስት ታክሲ ቀይሬ ዳቬይተን ሄድኩና እህቷ ሱቅ ፍርግርግ ፊት ቆምኩ። ምን እንደምፈልግ ስትጠይቀኝ «ዳቦ» አልኳት። ሱቅ ሙሉ ዳቦ ያለው ወንድም እንዳለኝ ታውቃለች። ዳቦውን ሰጠችኝ፣ ከዚያ «እዚያ ጋ ነበር የምትቆመው» ብላ ከፍሪጁ አጠገብ ያለውን ቦታ በአገጯ አሳየችኝ። ባዶ ወለል ነው፣ ሲሚንቶ። ዳቦውን ታክሲ ውስጥ ትቼው ወረድኩ።

በተከታዩ ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አማካሪዬ የመመረቂያ ጽሑፌን አንብበው በስክሪን ጠሩኝ። ከቤታቸው ነበሩ፣ ውሻቸው ይጮሃል። ሁሉም ጥሩ ነው፣ አንዲት ነገር ብቻ አለች አሉ። «ፕሮግራምህ ትውልድ የሚቆጥረው ከዜሮ ነው፤ ቀመርህ የሚቆጥረው ከአንድ። ሰንጠረዦችህ በሙሉ በአንድ ተንሸራተዋል። ድምዳሜውን አይለውጠውም። አንድ ጨምርበትና ላክልኝ።» ብዙ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የሚሠራት ስህተት ናት፤ መነሻው ዜሮ ነው፣ የመጀመሪያው ልጅ አንድ ነው። አመስግኜ ሳጥኔ ላይ ተቀመጥኩና ሰንጠረዦቹን አንድ በአንድ ማስተካከል ጀመርኩ። ከሰዓቱ ሳያልቅ ወደ መጨረሻው ፋይል ደረስኩ። ከትውልዶቼ ሰንጠረዥ ጎን ሁለት ዓምድ ስም ተጽፏል። በአንዱ ዓምድ ራስጌ የእኔ ስም፣ በሌላው የእሷ። በሁለታችንም ስም ግራ የተጻፈው ቁጥር ዜሮ ነበር።

አባቴ ጋ ደወልኩ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልጨረስኩም።

«አባባ፣ ዘር ስትቆጥር ከማን ነው የምትጀምረው?»

«ከሚያገባው ነዋ። ከማን ልጀምር?»

«ከእኔ? አንደኛው ቤት እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ አንተ። ሁለተኛው እኔ። ምን ሆነሃል?»

«እኔ ከአንተ ነበር የጀመርኩት።»

ቀስ ብሎ «አንተስ?» አለኝ። «አንተ ሰው አይደለህም እንዴ?»

ስሞቹን አብረን በጣታችን ቆጠርናቸው፣ እሱ እዚያ፣ እኔ ከዱቄት ከረጢቶቹ መሃል። ያ ሰው ስምንተኛ ነው። በሁለቱም በኩል ስምንተኛ። አባቴ ልጄ ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ። እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም። ያን ሁሉ ቀመር ከምደረድር አሥር ጣቴን ባጠፍ ኖሮ አብራኝ ነበረች። ሽማግሌዎቹ አልከለከሉኝም፤ እኔው ከልክዬ እኔው ተከራከርኳቸው፣ እነሱም የእኔን ቃል ብቻ አከበሩ።

በማግስቱ ልደውልላት ቁጥሯን አውጥቼ መለስኩት። ምን ብዬ? በሳምንቱም እንደዚያው። እንዲህ ስል ከአንድ ወር በኋላ እሷው ጻፈችልኝ፤ ከሄደች ወዲህ የመጀመሪያው መልእክቷ ነው። አጎቷ በወረርሽኙ ማረፋቸውን፣ ለቅሶውም በወጉ አለመደረጉን ነገረችኝ። ቀጥላ «የእናቴን ወገን እስከ ላይ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ያኔ ያስጻፉህ አንተ ጋ ካለ ላክልኝ፤ ሽማግሌዎች ጠይቀውኛል» ብላ ነበር።

ሽማግሌ የሴት ልጅ ሰባት ቤት ለምን እንደሚጠይቅ ለማንም አይጠፋም። መልእክቷን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ወንድሜ ከፍርግርጉ ዞሮ «ምነው?» አለኝ፤ ስልኩን ሰጠሁት። አንብቦ መለሰልኝና «አለህ ወይ?» አለ። አለኝ። በዓለም ላይ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ።

እውነቱን ለመናገር የለኝም ልላት አሰብኩ። ዝርዝሩ ከጠፋ ቆጠራው አይሞላም፤ ቆጠራው ካልሞላ ሰርጉ ይዘገያል። ከዚያ የአጎቷ ሳል ትዝ አለኝ፣ ኔትወርክ እየተቆረጠባቸው ሦስት ቀን የተቀመጡት። ላከው አልኩ ለራሴ። ቀጥሎ ሌላ ነገር መጣ። ቁጥሩን አውጥቼ ስሞቹን ብቻ ብልክ ምንም አታይም፣ እንደ ተወሰነ ነገር ታልፈዋለች። ቁጥሩን አስተካክዬ ብልክ ደግሞ ታያለች፤ የሚያገናኘንን የዚያን ሰው ስም ረስታ እንደሆነ ነው እንጂ፣ ማን ይረሳዋል። የቱ ነው ለእሷ የሚሻለው? ቀመር የለኝም ነበር። ግን አንድ ጊዜ ቁጥር አበላሽቼባታለሁ፤ ሁለተኛ አላበላሽባትም።

ከአንድ ጀመርኩ። አንደኛው ላይ የእሷን ስም ጻፍኩ፣ ሁለተኛው ላይ የእናቷን፣ ከዚያ የእናቷን አባት፣ እንዲያ እያልኩ እስከ ላይ። በእጄ፣ በወረቀት ላይ፣ ሳልቸኩል። ፎቶ አንስቼ ላክሁት።

«ደርሶኛል፣ ተባረክ» አለችኝ ወዲያው።

አንዲት ሴትዮ ለሻማና ለፓራፊን መጣች፤ ወንድሜ ወጥቶ ስለነበር እኔ ሸጥኩላት። የቀረውን ከሰዓት ዕቃ ስደረድር ቆየሁ። ስልኬ እንደገና ሲንቀሳቀስ ፀሐይዋ ከፍርግርጉ ወርዳ ነበር።

«ስምንት ነበር እንዴ?» ይላል።

«ነበር» ብዬ መለስኩላት።